የሆድ ስፌትና የቀትር ዜና

የሚሄደው እንግዲህ ጣሪያው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ እኔ ተኝቻለሁ፣ መብራቶቹ ናቸው ተራ በተራ በላዬ የሚያልፉት፣ ሞላላ፣ ነጭ፣ አንዱ ይርገበገባል፣ ሊቃጠል ነው፣ የአልጋው አንድ ጎማ በየንጣፉ መገጣጠሚያ ላይ ጢክ ይላል፣ ጢክ፣ ጢክ፣ የስቱዲዮው ሰዓት ዜና ሊጀምር ሲል እንደሚለው፣ እጄን ሆዴ ላይ አሳርፋለሁ፣ ልማድ ነው፣ ማይክሮፎን ፊት ስቀመጥ ሁሌም መዳፌን ከእምብርቴ በታች አድርጌ ትንፋሼ እስከ የት እንደወረደ እለካለሁ፣ ሆዴ መዳፌን ገፋ ሲያደርገው አነባለሁ፣ ካልገፋው አልጀምርም፣ ስንት ዓመት እንዲህ ነው ያነበብኩት፣ አሁን መዳፌ ስር ያለው ለስላሳ ነገር ነው፣ እስከ ግማሹ ውሃ የተሞላ ላስቲክ፣ አይገፋም፣ ወደ ጎን ይፈስሳል። ጠዋት ዶክተሩ አቁሞኝ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሳለው መስመር ከዳሌ እስከ ዳሌ ተዘርግቷል፣ መስታወት ውስጥ ሳየው ሆዴ ፈገግ ያለ ይመስላል።

መሳቅ ግን ክልክል ነው። ከዛሬ በኋላ ለጊዜው መሳቅ የለም፣ ማስነጠስ ሲመጣ ትራስ ሆድ ላይ አጥብቆ መያዝ፣ ሳልም እንደዚያው፣ ከባድ ማንሳት የለም፣ ልጅ ማቀፍ የለም፣ ልጅም ከባድ ነው እንዴ፣ ዋናው ከባድ ልጅ ነው አለኝ ዶክተሩ፣ ሳይስቅ፣ እሱን እንኳ ማንም አልሰፋውም።

የነገረኝን ሁሉ ይዣለሁ፣ ሥራዬ ነው፣ ሰው የተናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ መያዝ። ይህ ቀዶ ሕክምና ውፍረት መቀነሻ አይደለም፣ ለመክሳት ብለው መጥተው ከሆነ ይመለሱ። ሲጋራ ያጨሳሉ? አላጨስም። ጥሩ፣ ሲጋራ ወደ ቆዳው የሚሄደውን ደም ያሳንሳል፣ ስፌቱ አይድንም፣ ቆዳው ይሞታል፣ ካላቆሙ አልነካም። ጀርባዎ ላይ ይተኙ፣ ጭንቅላትዎን ብቻ ቀና ያድርጉ፣ ቀና አደረግኩ፣ ጣቶቹን ከእምብርቴ በላይ አሳረፈ፣ ገቡ፣ ከነአንጓቸው ገቡ፣ በሆዴ መሃል ሸለቆ አለ፣ ለካ የራሴን ሸለቆ ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ካፖርት ያስቡ አለኝ፣ ግራና ቀኙ ጡንቻዎ ነው፣ እርግዝናው ቁልፎቹን በጠሳቸው፣ ካፖርቱ እንደተከፈተ ቀረ፣ ስፖርት ቁልፍ አይተክልም። እኔ ከታች እከፍታለሁ፣ ቆዳውን እስከ ጎድን አጥንት አነሳለሁ፣ ጡንቻውን መሃል ላይ አምጥቼ እሰፋለሁ፣ ከዚያ ቆዳውን ወደ ታች ስቤ ትርፉን ቆርጬ አወጣለሁ። እምብርቴስ? እምብርትዎ ከቦታዋ አትነቃነቅም፣ የሚሄደው ቆዳው ነው፣ እሷ ባለችበት አዲስ መስኮት እከፍትላታለሁ። ልጅ መውለድ ጨርሰዋል? አርዕስቱንም ዝርዝሩንም አንብቤያለሁ ዶክተር። ከመነጽሩ በላይ አየኝ። አልገባውም፣ ከየት ይገባዋል።

መንታዎቹ ናቸው። አንደኛዋ አጭርና ፈጣን ሆና ብቅ አለች፣ ሁለተኛዋ ቆይታ፣ ከብዳ፣ ብዙ ብዙ እያለቀሰች መጣች፣ አባታቸው እዚያው ኮሪደር ላይ አርዕስትና ዝርዝር አላቸው፣ ስም አውጥተንላቸዋል፣ ማን ይጠራበታል። አርዕስት የምትፈልገውን በአንድ ቃል ትናገራለች፣ ውሃ፣ ጫማ፣ እምቢ። ዝርዝር ግን ውሃው ለምን እንደፈለጋት፣ ትናንትም እንደፈለጋት፣ አርዕስት ብርጭቆዋን እንደነጠቀቻት፣ በመጨረሻም ውሃ።

ድምፄስ ዶክተር? አልኩት ያኔ፣ ልብሴን እየለበስኩ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ፊቴን ሳያይ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ምን ሆነ ድምፅዎ? ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ያልቅብኛል፣ ከወለድኩ ወዲህ ነው፣ ጉሮሮም ሳንባም ታይቷል፣ ደህና ነው ተብያለሁ። ውሃ ሲከፍት፣ እጁን ሲታጠብ ሰማሁት። የሆድ ጡንቻ ለትንፋሽ ይረዳል፣ ያ እውነት ነው፣ ሲገጣጠም ይሻሻል ይሆናል፣ ላይሻሻልም ይችላል፣ እኔ ጡንቻ እሰፋለሁ፣ ድምፅ አልሰፋም። ወደድኩት። ቃል ከሚገባልኝ ሰው ይልቅ የማይገባልኝን አምናለሁ።

እህቴን ግን ይህ አያሳምናትም። ታላቄ ናት፣ እትዬ ነው የምላት፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ ራሷን እናት አድርጋ ሾማለች፣ ማንም አልመረጣትም። ለቆዳ ብለሽ ትታረጃለሽ? ለቆዳ አይደለም እትዬ፣ ለትንፋሽ ነው። ሂጂ ወዲያ፣ ትንፋሽ በሆድ ይወጣል? ያቺን አረንጓዴ ቀሚስ መልበስ አምሮሽ ነው በይና እንረፍ። ቀሚሱም አለ፣ መዋሸት አልችልም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፣ አንዳንዴ እነካዋለሁ፣ ሰው ለአንድ ነገር ብቻ ብሎ ሆዱን አያስከፍትም። ባሌም እንደዚሁ፣ ለኔ ብለሽ ከሆነ ተይው፣ እኔ እንደዚህም ይመቸኛል አለኝ፣ ላንተ ማን አለህ፣ አንተን ብዬማ አፍንጫህን ነበር የማሰፋው አልኩት፣ እና ሳቅን፣ ያኔ መሳቅ ይቻል ነበር።

ጢክ። አልጋው ቆመ። በር ተከፈተ፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ሰፊ ክብ መብራት፣ እንደ ትልቅ አበባ፣ አረንጓዴ የለበሱ ሰዎች፣ ዓይናቸው ብቻ። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ራሴ ተሻገርኩ፣ ጠባብ ነው፣ እጄን ዘርግተው ጎን ላይ አሰሩት፣ ቀስ ብለው፣ እግሬ ላይ ደም እንዳይረጋ የሚጨምቅ ነገር አለ፣ ይነፋል፣ ይተነፍሳል፣ እግሬ ከኔ የተሻለ ይተነፍሳል። የሰመመን ባለሙያዋ ከራስጌዬ ናት፣ ፊቷን የማየው ተገልብጦ ነው፣ ቅንድቧ ከታች። እንደውም ድምፅሽን አውቀዋለሁ፣ ሬዲዮ ላይ አይደለሽም እንዴ? ነበርኩ። ነበርኩ አይባልም፣ በይ የምትወጂውን ነገር እያወራሽ ትተኛለሽ። ዜና ባነብስ? አንብቢ፣ ደግ ደጉን ብቻ።

ደግ ዜና አንድ ነው ያለኝ።

ያ ቀትር፣ ስቱዲዮው ሙቀት ነበረው፣ ማራገቢያው ድምፅ ያስገባል ተብሎ ተዘግቷል፣ ወረቀቱ አሁን ከአታሚው የወጣ ነው፣ ትኩስ፣ ቀድሜ አላነበብኩትም፣ ጊዜ አልነበረም፣ ትንፋሽ የምወስድበትን ቦታ በእርሳስ አላሰመርኩም፣ እያንዳንዱን ዜና አሰምራለሁ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ጭረት፣ እዚያ ጋ ረዘም ያለ፣ ያን ብቻ አላሰመርኩም፣ ቀዩ መብራት በራ፣ ትናንት በግንባታ ላይ ሳለ በተደረመሰው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ስር ተቀብረው የቆዩት ሠራተኞች በሙሉ የነፍስ አድን ቡድኑ ያለ እረፍት ባካሄደው ፍለጋ በሕይወት፣ እና አለቀ። ትንፋሼ አለቀ። ከሆዴ የሚመጣ ነገር የለም፣ እገፋለሁ፣ ሆዴ ወደ ጎን ይሸሻል፣ አፌ ክፍት ነው፣ በመስታወቱ ማዶ የድምፅ ቴክኒሻኑ ዓይን ፈጠጠ፣ አገር ሁሉ በሕይወት ከሚለው ቃል በኋላ ቆሞ ይጠብቃል፣ ተገኝተዋል ወይስ አልተገኙም፣ እኔ አውቃለሁ፣ ከዓይኔ ስር ተጽፏል፣ ማለት ግን አልቻልኩም። ከዚያ አየር ገባ። ተገኝተዋል።

በማግስቱ አንዲት ሴት የጣቢያው በር ላይ መጣች፣ ልጇን ከኋላዋ አስከትላ፣ ትልቅ ሰው ነው ልጇ፣ ክንዱ በፋሻ ታስሯል፣ መሬት መሬት ያያል፣ እናቱ እጁን ይዛ ያመጣችው ጎልማሳ። ከፍርስራሹ ተቆፍረው ከወጡት አንዱ። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አንቺ ነሽ? እኔ ነኝ እማማ። ይኸው ልጄ፣ እይው። እንኳን ተረፈልዎት። አዎ ተረፈልኝ፣ አንቺ ግን በሕይወት ብለሽ ዝም አልሽ። እዚያ ዝምታሽ ውስጥ ልጄን ቀብሬ ተመለስኩ። ታመሽ ነው እንዴ ልጄ? አይ፣ አልታመምኩም። ታዲያ ምንድነው? ወልጄ ነው ማለት አፈርኩ። ከእንግዲህ ድምፅሽ ሲመጣ ሬዲዮኔን እዘጋለሁ፣ አትቀየሚኝ አለች፣ ልጇ በጆሮዋ እማዬ በቃ አላት፣ ሄዱ። ኮቷ ያለ ቦታው ተቆልፎ ነበር፣ አንዱ ወገን ወርዶ፣ ይህን ለምን አስታውሳለሁ።

አለቃችን ሰው አይገፋም፣ በቀስታ ነው የሚያወጣህ። እስቲ ለጊዜው ቀረጻ ላይ ሁኚ፣ ይሻልሻል። ቀረጻ ማለት ቴክኒሻኑ ያርመዋል ማለት ነው። ጆሮው ነው የምንለው፣ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው፣ የወንበር ሲጢጥታ ሦስት ክፍል አሻግሮ ይሰማል። አነባለሁ፣ መሃል ላይ አየር እስባለሁ፣ እሱ በኋላ አየር የሳብኩበትን ቆርጦ ያወጣል፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይቀራል፣ የማይተነፍስ ሰው ድምፅ። ትንፋሼን የት ነው የምትጥለው? እዚሁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቅርጫት አለ። ብዙ ነው? ሞልቷል እመቤቴ። ጉሮሮሽ ምንም አልሆነም እኮ፣ አንቺ የሚያፈስሽ ከታች ነው። ባለጌ። ኧረ ትንፋሽሽን ነው የምለው! ሆድሽ ጋ ነው የሚያመልጥሽ፣ ይሰማኛል፣ እስቲ ሐኪም ፈልጊ፣ የጆሮ አይደለም፣ የሆድ። ከሱ ነው የጀመረው። አለቃው ሲሰማ ሂጂ ታከሚ አለኝ፣ ስትድኚ አንድ ቀትር በቀጥታ እሰጥሻለሁ፣ አንድ ብቻ፣ ከሆነ ሆነ፣ ካልሆነ ቀረጻው ላይ ጡረታ ትወጫለሽ።

አንብቢያ አለችኝ ከራስጌዬ ያለችው፣ ጭምብሉ አፌ ላይ ነው፣ የፕላስቲክ ሽታ፣ ክንዴ ውስጥ የሆነ ብርድ ወጣ፣ ወደ ትከሻዬ፣ ትናንት በግንባታ ላይ ሳለ በተደረመሰው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ስር፣ መብራቱ አበባ ሆነ፣ ተቀብረው የቆዩት፣ አበባው ጨለመ ከዳር ከዳር፣ በሙሉ፣ በሕይወት

ቅርጫት ነው። ትልቅ የገመድ ቅርጫት፣ ጆሮው ተሸክሞት በረጅም ኮሪደር ይሄዳል፣ ከላዩ ትንፋሼ ይወጣል፣ ነጭ ነው፣ የብርድ ጠዋት አፍ ላይ እንደሚታየው፣ ይንሳፈፋል፣ እትዬ እያንዳንዱን በማንኪያ ትይዛለች፣ ይህም ያንቺ ነው? ይህም? ስንት ነው ያባከንሽው አንቺ ልጅ። ሴትየዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ኮቷን ክፍት አድርጋ፣ አርዕስትና ዝርዝር ጉልበቷ ላይ ወጥተው ይቆልፉላታል፣ አርዕስት አንድ ቁልፍ ትቆልፍና ጨረስኩ ትላለች፣ ዝርዝር ከታች ጀምራለች፣ እያንዳንዱን ቁልፍ እያዋራች። እምብርቴ ብቻዋን ቆማለች፣ ሜዳ ላይ እንደተተከለች ትንሽ ችግኝ፣ መሬቱ ከስሯ ይሄዳል፣ እንደ ብርድ ልብስ ወደ ታች ይሳባል፣ እሷ ባለችበት ናት፣ አትፍሪ እላታለሁ፣ መስኮት ይከፍቱልሻል። ከሩቅ የሆነ ሰው ስለ መኪና ጎማ ያወራል። ክር ይላል። ክር። ሙቅ ነው ወይስ ብርድ ነው፣ ሁለቱም አይደለም፣ መሃል ነው፣ በሁለት ቃላት መሃል፣ እዚህ መቆየት ይቻላል ለካ፣ ማንም አይጠብቀኝም እዚህ፣ ማንም አልተቀበረም ማንም አልወጣም፣

ተገኝተዋል።

እነማን ናቸው እናቴ?

ሠራተኞቹ።

እሰይ፣ እንኳን ተገኙ፣ አሁን የእግርሽን ጣት አንቀሳቅሺልኝ። ነርሷ ናት። ሲስተር፣ አልቋል? አልቋል፣ ደህና ነሽ፣ ዶክተሩ አይቶሽ ሄደ፣ አነጋገርሽው እኮ፣ አታስታውሺም? አላስታውስም፣ ምን አልኩት? ካፖርቴን ስጠኝ አልሽው። ሳቅ መጣብኝ፣ እና ሳቁ ከሆዴ ሲነሳ፣ ወይኔ፣ ወይኔ እናቴ፣ አንድ ሰው ከዳሌ እስከ ዳሌ በጋለ ሽቦ አሰመረኝ፣ ትራሱን ያዢ፣ ያዢ ጠበቅ አድርጊ፣ አትሳቂ አላልንሽም?

አልጋው መሃሉ ላይ ታጥፏል፣ ራስጌው ተነስቶ፣ ጉልበቴ ስር ትራስ፣ የቪ ቅርጽ ይዤ ተኝቻለሁ፣ ቆዳዬ አጥሯል፣ ቀጥ ብል ይሳባል። ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከስፌቱ ዳር ወጥተው በሁለት ትናንሽ የላስቲክ ኳሶች ያልቃሉ፣ ቀላ ያለ ውሃ ይሰበስባሉ፣ ሰውነት ባዶ ቦታ ሲያገኝ ውሃ ይሞላበታል፣ ስለዚህ ይቀዳል፣ ይህንንም ነግሮኛል። ወገቤን ጥብቅ ሰፊ መታጠቂያ ይዞታል። ሕመሙ መኪና ከሩቅ እንደሚመጣ ነው፣ ይሰማል፣ ይቀርባል፣ መድኃኒቱ ሲገባ መንገድ ይቀይራል። ገና ሳይመሽ ተነሺ አሉኝ፣ መተኛት ደም ያረጋል፣ በጎን ተንከባለሽ፣ በክርንሽ ተደግፈሽ፣ በሆድሽ አይደለም፣ በሆድሽ አይደለም አልኩሽ እኮ። ቆምኩ። ቆምኩ ይባላል ይህ? ወለሉን እያየሁ፣ እንደ አሮጊት፣ ጎብጬ፣ ሲስተሯ በአንድ ወገን እትዬ በሌላ፣ ኮሪደሩን ይዘን። መርፌ ጥለሽ ነው? ትላለች እትዬ፣ አንድ ላይ እንፈልጋ። አታስቂኝ። እኔ ምን አልኩ፣ ለቁመናዋ ብላ ገብታ ጎብጣ ወጣች ነው ያልኩት። እትዬ ሞቼ እገኛለሁ። አትሞቺም፣ ጨርሰሽ ትገቢያለሽ፣ ረገጥ፣ ረገጥ፣ ጎሽ። ብብቴ ስር ያለው እጇ ልብሴን ጨብጦ ይዟል። ስታወራ አይታወቅባትም፣ እጇ ግን አይለቅም።

ማንም ሳይሰማኝ ሞከርኩት። መጋረጃው ሲዘጋ፣ በሹክሹክታ፣ ትናንት በግንባታ ላይ ሳለ በተደረመሰው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ፣ አለቀ። ከበፊቱ ሳይደርስ። ከበፊቱ ግማሽ ላይ። ጣሪያውን አየሁ፣ ጣሪያው አሁን አይሄድም፣ ቆሟል፣ አንድ ጥግ ላይ የውሃ እድፍ አለ፣ የጆሮ ቅርጽ። ዶክተሩ ሲመጣ ስፌቱን አየ፣ ቀለሙን አየ፣ በጣቱ ነካ፣ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ትንፋሼ ባሰበት ዶክተር። ይብሳል እንጂ፣ ሆድዎ ጠበበ፣ ሳንባ ከታች የለመደውን ቦታ አጣ፣ መታጠቂያውም አለ፣ ይላመዳል። መቼ? እርስዎ እንዴት እንደሚድኑ እኔ አላውቅም፣ የሰው አካል ቀጠሮ አያከብርም። ድምፄስ? አየኝ፣ አስታወሰ፣ ያልኩዎት ያው ነው። ያው ነው። ጡንቻ እንጂ ድምፅ አይደለም። ሲወጣ በሩ ላይ ዘወር ብሎ፣ በነገራችን ላይ ጡንቻው በደንብ ገጥሟል አለ። ይህ ቃል አይደለም፣ እውነታ ነው፣ ይዤው ተኛሁ።

ቤት። ሳሎን ውስጥ የሚታጠፈው ወንበር ላይ ነኝ፣ መጋረጃው በነፋስ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ የሚሞላውን እያየሁ እተኛለሁ፣ ሲጎድል እነቃለሁ። ቀኑ የትኛው ነው። እትዬ ሾርባ ይዛ ትገባለች፣ ባሌ ኳሶቹን ቀድቶ ይደፋል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ፣ ሚስትህ ወለደች ሲባል ራሱን የሳተ ሰው ነው። አርዕስት ትመጣለች፣ ኳሱን ታያለች። ጭማቂ? አይደለም የኔ ማር። ቆሻሻ? አዎ። ሄደች፣ በቂ መረጃ አግኝታለች። ዝርዝር ግን ወንበሩ አጠገብ ቆማ እቀፊኝ ትላለች፣ ለምን አታቅፊኝም፣ ትናንትም አላቀፍሽኝም፣ አክስቴ ስታቅፈኝ ትቆነጥጠኛለች፣ አባዬ ሲያቅፈኝ ጺሙ ይወጋል፣ አንቺ ብቻ ነሽ የማትወጊው፣ ለምን? እማዬ ሆዷን አሰፍታለች። ተቀዶ ነበር? አዎ። ማን ቀደደው? ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረገች፣ ከባድ ነው ጭንቅላቷ፣ ዶክተሩ እውነቱን ነው፣ እንዲህ ግን ይፈቀዳል፣ ፀጉሯ ሳሙና ሳሙና ይላል።

አንዳንዴ አለቅሳለሁ። ምክንያት የለውም፣ ነርሷ ነግራኛለች፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ምን ነክቶኝ ነው ይላል፣ ሆድሽ አብጧል፣ ጎብጠሻል፣ ጠባሳው ቀይ ነው፣ ከበፊቱ አስቀያሚ የምትሆኚበት ጊዜ አለ፣ ያልፋል። ነግራኛለች። መነገሩ ግን ለቅሶውን አያስቀርም፣ ሲመጣ ብቻ አንቺ ነሽ እንዴ ትይዋለሽ።

ቱቦዎቹ ወጡ። ሲወጡ የሚሰማው ስሜት ስም የለውም፣ ረጅም ክር ከሩቅ ቦታ ሲሳብ። ገላዬን ስታጠብ፣ ብቻዬን፣ በሩ ገርበብ ብሎ እትዬ ውጭ ቆማ ወደቅሽ እያለች፣ አልወደቅኩም፣ ዝም ስትይ ወደቅሽ ብዬ ነው፣ መዳፌን ከእምብርቴ በታች አሳረፍኩ። ምንም። እጄ ሆዴን ያውቀዋል፣ ጠንካራ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ሆዴ ግን እጄን አያውቀውም። ጫን አደረግኩ። ምንም፣ የሌላ ሰው ሆድ፣ የታክሲ ወንበር። በጥፍሬ ጫርኩ። ውሃው ሲፈስበት ከላይ ይሰማኛል፣ ጡቴ ስር ይሰማኛል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ከዚያ ጭኔ ላይ እንደገና ይጀምራል፣ መሃሉ ዝምታ ነው። ይህንንም ነግሮኝ ነበር፣ ቆዳው ሲነሳ ጥቃቅን ነርቮች ይቆረጣሉ፣ ይደነዝዛል፣ ለወራት፣ ከፊሉ ለዘለቄታው ሊሆን ይችላል፣ የሞቀ ውሃ ላስቲክ አያድርጉበት፣ ሲያቃጥልዎ አይሰማዎትም። ይዤው ነበር። እዚያ ቦታ እንደሆነ ግን አላሰብኩም። ትንፋሼን የምለካበት ቦታ ነው፣ መዳፌ የሚጠይቅበት ሆዴ የሚመልስበት፣ ከስንት ቦታ ያንኑ። ወደቅሽ? ትላለች እትዬ። አልወደቅኩም። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?

ወራቱ እንዲህ ናቸው፣ ወደ ላይ ወደ ላይ። ጎብጬ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ጥርሴን ስፋቅ መስታወቱ ውስጥ ፊቴ ከፍ ብሎ አየሁት፣ ቀና ብያለሁ፣ መቼ ቀና እንዳልኩ አላውቅም። ጠዋት ጠፍጣፋ ነኝ፣ ወደ ማምሻው እብጠቱ ይመለሳል፣ መታጠቂያው ቀረ፣ አረንጓዴው ቀሚስ ተዘጋ፣ እትዬ ዞር በይ አለችኝ፣ ዞርኩ፣ ምንም አላለችም፣ ለሷ ያ ጭብጨባ ነው። ዝርዝር ታቀፈች፣ ተፈቅዶ፣ ወረፋ ይዛ የቆየች ይመስል አንገቴን አንቃ። ትንፋሼ ይረዝማል ያጥራል፣ ኩሽና ውስጥ እሞክራለሁ፣ አንዳንዴ እስከ መጨረሻው እደርሳለሁ፣ አንዳንዴ አልደርስም፣ እና አስቀድሜ የትኛው እንደሚሆን አላውቅም፣ ችግሩ እሱ ነው፣ በፊት አውቅ ነበር፣ መዳፌ ይነግረኝ ነበር።

እና ዛሬ ቀትር ነው።

ስቱዲዮው ያው ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የተላጠ ጥግ፣ ማይክሮፎኑ፣ ማራገቢያው ተዘግቷል፣ ጆሮው ከመስታወቱ ማዶ አውራ ጣቱን አነሳ፣ ሌላው እጁ ማጥፊያው ቁልፍ ላይ ነው፣ ካሳለኝ ወይም ካጠረኝ የሚጫነው፣ ድምፄን ቀልጠፍ አድርጎ ይውጠዋል፣ አለቃው ከኋላው ቆሟል፣ ክንዱን አጣምሮ። ወረቀቱ ትኩስ ነው፣ እንደዚያን ቀን፣ ዛሬ ግን በእርሳሴ አየሁት፣ የመጀመሪያው ዜና ስለ ጎርፍ ነው፣ ወንዝ ሞልቶ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ ማዶ ቀርቶ፣ ረጅም፣ ጭረት የማደርግበት ቦታ እየፈለግኩ ወረድኩ፣ የለውም፣ የጻፈው ልጅ በአንድ ትንፋሽ ነው የጻፈው፣ መሃል ላይ ባቆም ወላጆች የልጆቻቸውን ዕጣ በሚጠብቁበት ቦታ ላይ ነው የማቆመው። መዳፌን ከእምብርቴ በታች አደረግኩ። ዝምታ። ሰዓቱ ጢክ ይላል። አየር ሳብኩ፣ ወረደ ወይስ አልወረደም፣ ሆዴ አይናገርም፣ እጄ ብቻ የሆነ ነገር ሲነሳ ይሰማዋል፣ ከውጭ፣ የሌላ ሰው ሆድ ላይ እንደተቀመጠ እጅ፣ እና እጄን ላምነው ነው ወይስ ሆዴን፣ ጡንቻው በደንብ ገጥሟል፣ ይህ ቃል አይደለም እውነታ ነው፣ ሌላ ምንም የለኝም፣ ቀዩ መብራት በራ፣

ትናንት ከሰዓት በኋላ በጣለው ከባድ ዝናብ ሳቢያ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን በማጥለቅለቁ ከማዶ የቀረው የተማሪዎች አውቶቡስ፣ ይሄዳል፣ ድምፄ ይሄዳል፣ ጆሮው ቁልፉን አልነካም፣ የአካባቢው ነዋሪዎችና የትራፊክ ፖሊሶች ተባብረው ባደረጉት ጥረት፣ እዚህ ነበር፣ ልክ እዚህ አካባቢ ነበር የሚያልቀው፣ መዳፌ ስር ጠንካራ ነው፣ ወደ ጎን አይሸሽም፣ አይሰማኝም ግን ጠንካራ ነው፣ የሚጠብቁ አሉ፣ አንዲት ሴት ኮቷን ያለ ቦታው ቆልፋ ሬዲዮ አጠገብ ቆማለች፣ ዘግታው ይሆናል፣ ሌላዋ አልዘጋችውም፣ በውስጡ የነበሩት ተማሪዎች በሙሉ ያለ አንዳች ጉዳት ወደ ወላጆቻቸው ተመልሰዋል።

ተመልሰዋል። አልኩት። ከኋላው ገና አየር አለ፣ ትንሽ፣ ለሌላ ቃል የሚበቃ፣ ሌላ ቃል ግን አያስፈልግም። ጆሮው እጁን ከቁልፉ አነሳ፣ ቀና ብዬ አላየሁም፣ ሁለተኛውን ዜና ጀመርኩ፣ ሦስተኛውን፣ አንድ ቦታ ላይ አየር ሳብኩ፣ የሚሰማ ነው፣ በጭረቱ ላይ ነው፣ ይሰማ። መብራቱ ጠፋ። አለቃው በመስታወቱ በኩል ነገም ነሽ በሚል ዓይነት ጣቱን ወደ ወንበሩ ጠቆመ፣ ወጣ። እኔ አልተነሳሁም፣ ስልኩን አያለሁ፣ ጥግ ላይ ያለውን ጥቁሩን፣ ሰው የሚደውልበትን፣ ስህተት ስንሠራ ብቻ ይጮሃል፣ ያን ቀን እስከ ማታ ሲጮህ ነበር፣ አሁን መዳፌ ሆዴ ላይ ነው፣ እጠብቃለሁ፣ ማራገቢያው ተከፈተ፣ የወረቀቱ ጠርዝ ተነሳ ተኛ፣ ጆሮው በሩን ገፍቶ ምሳ አትበይም? ይላል፣ ቆይ አንዴ እለዋለሁ፣ ስልኩ ዝም ብሏል፣ አሁንም ዝም ብሏል።